ከፈረስ ቤት የመጣ የኮሶ ዱቄት

አለበል ኮሶ ወንዴና ሴቴ እንዳለው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በቆንጥር ሚካኤል አጥቢያ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። የሴቴዋ አበባ ቀይ ነው፤ ከብዶት ወደ ታች ይንዠረገጋል፤ የድሮ ሰው ለሆድ ትል ወቅጦ ይጠጣው የነበረው እሱን ነው። የወንዴው ነጣ ያለና ቀለል ያለ ነው፤ ለመድኃኒት ስለማይሆን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አለበል ያላስተዋለው፣ በጓሮው ጫፍ የቆመችው ኮሶ ብቻዋን መቅረቷን ነበር።

ብቻዋን ከቀረች ቆይታለች። ወንዴው ከወንዙ ማዶ በጎረቤት መሬት ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሲሞት ልጆቹ ለጣውላ ሸጡት። ጥሩ ጣውላ ወጣው ተባለ። አለበል ያን ቀን የመጋዙን ድምፅ ትንሽ ቆሞ ሰማና ወደ ሥራው ሄደ። ዛፍ ሲቆረጥ መስማት ለሱ አዲስ ነገር አይደለም።

ሥራው ችግኝ ማፍላት ነበር። ዕድሜውን በአንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ አፈር ሲነፋ፣ ላስቲክ ሲሞላ፣ መደብ ሲያጠጣ ኖረ። ያፈላው ባሕር ዛፍ ነው፤ በኋላ ደግሞ ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የሚባል የውጭ ግራር። ሁሉም አደገ፤ ሁሉም ተቆረጠ። አጠና ሆነ፤ ከሰል ሆነ፤ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ጡረታ የወጣ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ግራና ቀኝ እያየ መጣ። ይህ የኔ ነው የሚለው የቆመ ዛፍ አላገኘም።

ያን ዓመት ከኮሶዋ ሥር ዘር ለቅሞ ዘራ። አልበቀለም። በዓመቱም አልበቀለም። አፈሩን ቀየረ፤ ዳስ ሠርቶ አጠለለ፤ ዘሩን ዘፍዝፎ ሞከረ፤ ሳይዘፈዝፍም ሞከረ። ደጋው ላይ ካለችው ከፈረስ ቤት ከተማ የኮሶ ችግኝ አስመጥቶ ተከለ። የቆንጥር ሚካኤልን በጋ አልቻለውም፤ መጋቢት ላይ ደረቀ። ሌላም አስመጣ፤ እሱም ደረቀ። የሱ ኮሶ ግን ከዚያ በታች ኮሶ በማይታይበት ወሰን ላይ ቆማ ስንቱን በጋ አሳልፋለች። ስለዚህ የሚፈልገው የሷን ዘር ነው፤ ሌላ አይደለም።

ደግሞም ጊዜ የለውም። ግንዷ ከመሐሉ ተሰንጥቋል። በወፍራም ሽቦ አስሮታል። ሽቦ የክረምት ነፋስ እንደማይመልስ ግን ያውቃል።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሚስቱ ንግሥቴ ከሞተች ወዲህ አገውኛ የሚያወራው አጥቷል። ሁለቱም የአዊ ተወላጆች ናቸው፤ በውጭ ባማርኛ፣ በቤት ባገውኛ ይኖሩ ነበር። አሁን አገውኛውን የሚሰማው በሬው ብቻ ነው፤ በሬው ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ ተነሥ፣ ዙር፣ ቁም። ልጁ ሜላት ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ሄዳለች። ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች። «ደኅና ነህ?» ትለዋለች፤ «ደኅና ነኝ» ይላታል፤ ከዚያ ሁለቱም የሚቀጥለውን ይፈልጋሉ።

በጥቅምት እህተ ማርያም የምትባል መምህርት መጣች። ቡሬ ካምፓስ ደን ታስተምራለች፤ የዱርቤቴ ልጅ ናት። ተማሪዎቿን ይዛ በየአጥቢያው የቀሩትን አገር በቀል ዛፎች ስታይ ኮሶዋ ዘንድ ደረሰች። ግንዱን ዞራ አየች፤ ሽቦውን በጣቷ ነካች።

«ጋሼ፣ ዘር ትሰጣለች?»

«ትሰጣለች። አይበቅልም እንጂ።»

«ወንዴውስ የት ነው?»

«ወንዴው ጣውላ ሆኗል።»

«ከዚያ ወዲህ ሌላ አለ በአካባቢው?»

አለበል ወደ ወንዙ ማዶ አየ። ሸንተረሩን ሁሉ ዲከረንስ ሸፍኖታል። ራሱ ካፈላው የተራባ፣ ለከሰል የሚቆረጥ ነው። «የለም» አለ።

ከተማሪዎቹ አንዱ «ኮረዳ ሆና ቀረች በላ» አለና ሌሎቹ ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም። የወንዴው ዱቄት ካልደረሳት ዘሩ ገለባ ብቻ እንደሚሆን ነገረችው። ዳሱ፣ አፈሩ፣ ዘፍዘፋው ሁሉ በከንቱ እንደነበረ ገባው። በራሱ ተናደደ እንጂ ሌላ የሚናደድበት አልነበረም።

«ዱቄቱን ሰው ቢያመጣላትስ?» አለ።

«ይሆናል። ፈረስ ቤት ወንዴ አለ። ግን የዚያ በኅዳር ያብባል፤ የእርስዎ መቼ ነው?»

«ከጥምቀት በኋላ ነው። ዘግይታ ነው የምታወጣ።»

«እንግዲያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።» በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው። አበባው ሊፈነዳ ሲል ይቆረጣል፤ ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ ይነጠፋል፤ ዱቄቱ ሲረግፍ ይነፋል። ፀሐይ አይንካው። በደንብ ይድረቅ። ሲደርቅ በብልቃጥ ይታሸግና ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። «አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ትንንሽ ከረጢት አይተዋል? እርጥበት ይጠጣል። እሱን ከብልቃጡ ውስጥ ይክተቱ። ውሃ ከነካው አለቀ፤ ያብጥና ይፈነዳል።»

«ፍሪጅ» አለ አለበል። በቆንጥር ሚካኤል መብራት የለም።

«ቡሬ የሚያውቁት ሰው የለም?»

አሰበ። ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። ፍሪጅ ያላት ግን አንዲት ለስላሳ ሻጭ ብቻ ትዝ አለችው።

በኅዳር ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ወረደ። ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው መኪና እስኪሞላ የጫማ ሻጮቹን ተራ ዞረ።

«ከካርቶኑ ውስጥ ያለችዋን ትንሿን ከረጢት ነው የምፈልግ» አለው ለአንዱ ሻጭ።

«ጫማውንስ?»

«ጫማ አለኝ።»

ሻጩ ወደ እግሩ አየ። «አያ፣ ይቺ እኮ አትበላም። ተጽፎባታል።»

«ልበላት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጓት ነው?»

«ኮሶ ላደርቅባት ነው።»

ሻጩ ጎረቤቱን ጠርቶ እንደገና እንዲናገር አደረገው። ሳቁበት፤ ቢሆንም ካርቶናቸውን ሁሉ ገልብጠው እፍኝ ሙሉ ሰጡት።

ፈረስ ቤት የንግሥቴ የሩቅ ዘመድ የሆኑ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ አሉ። በአጥራቸው ውስጥ ትልቅ ወንዴ ኮሶ አላቸው። የመጣበትን ነገር ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ለዛፍ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ በለኛ።»

«መጣሁ፣ መሪጌታ።»

«ከሴት ወገን ሽማግሌ ሲላክ በዕድሜዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቱ እንዲህ አጥታለች?»

«አጥታለች።»

«የማን ወገን ናት?»

«የቆንጥር ሚካኤል። መሬት አላት፤ ዕድሜዋ ግን ገፍቷል።»

«ገፍቷል አትበል፤ ረግቷል በል። ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ሦስት ሆኖ ነው።»

«የሚመጣ አጣሁ» አለ አለበል።

መሪጌታ ቀልዱን ተዉት። «ና በል፣ ሳይመሽ እንቁረጥ» ብለው ተነሡ።

ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም እንጨት ሊፈነዳ የደረሰውን አበባ ጎትተው ቆረጡ። በመሪጌታ ቤት ጨለም ባለው ጓዳ በወረቀት ላይ አነጠፉት። በማግሥቱ ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ተገኘ፤ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ትንፋሽ ሲነካው የሚነሣ። አለበል አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ በቀጭን ሻሽ ነፋው። ብዙ አይደለም፤ ከሲኒ ግማሽ አያልፍም። ጥላ ውስጥ እንደገና አደረቀው። በማርማላታ ብልቃጥ ከተተው፤ ከረጢቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከላይ አደረገ፤ ክዳኑ ላይ ፕላስተር አዞረበት። ወደ ቡሬ ሲመለስ ብልቃጡን በብብቱ ይዞ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ማር ነው?» ሲለው «አዎ» አለው። ነገሩን እንደገና ማስረዳት ታክቶት ነው።

ያምሮት የምትባል ሴት ቡሬ ውስጥ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ፣ ለስላሳና የታሸገ ውሃ ትሸጣለች። አለበል መኪና ሲጠብቅ ከደጇ ይቀመጥ ስለነበር ያውቃታል። ጎልማሳ ሴት ናት። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ እንደሄደ ቀርቷል፤ ልጅ የላትም። ብልቃጡን በመብራት አንሥታ አየችው።

«አያ አለበል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የኮሶ አበባ ዱቄት ነው።»

«ሰው መተት ነው ይለኛል።»

«ኮሶ ነው በያቸው።»

«እሱማ ይብሳል። ፍሪጇ ውስጥ ኮሶ አላት ከተባለ ማን ከኔ ለስላሳ ይጠጣል? ሆዱን ይዞ የሚሮጥ ሁሉ በኔ ሊያሳብብ ነው።»

«ከኋላ አድርጊው።»

«ከኋላስ ምን ይፈልጋል ይሄ?»

«ቅዝቃዜ ይፈልጋል» አላት። ይህን ብቻ ነው ያላት። መድረቁ ከቅዝቃዜው እንደሚበልጥ፣ ውሃ ጠላቱ እንደሆነ አልነገራትም። ብልቃጡ ታሽጓል፤ ማን ይከፍተዋል? ነገሩ ወደ አእምሮው አልመጣም።

ያምሮት ብልቃጡን ከአምቦ ውሃ ጠርሙሶች በስተኋላ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ አለበል በየገበያው ቀን ይመጣል። ቀድሞ በወር አንዴ ነበር የሚወርደው። ገብቶ ለስላሳ ያዝዛል፤ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ እሷ ደንበኛ ስትሸኝ ፍሪጁን ከፍታ «ይኸውልዎ፣ አልሸሸም» ትለዋለች። ኮሶዋን እንደ ሰው ትጠይቃለች።

«እንዴት ናት?»

«ቅጠል አድሳለች።»

«አበባውስ?»

«ገና ናት። ጫፏ ላይ ግን አንዳንድ ነገር ይታያል።»

«አትቸኩል በሏት። እኛ አለን።»

አለበል መንገድ ላይ ሲወርድ ለያምሮት የሚነግራትን ማዘጋጀት ጀመረ። በየትኛው ቅርንጫፍ ምን እንዳየ፣ ሽቦው እንዴት እንደያዘ፣ ንብ መጥታ ምን እንዳደረገች። ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር የሚውል ሰው ነበርና ወሬ በእጁ ይዞ መሄዱ ደስ አለው። ያምሮትም መብራት በሄደ ቁጥር ብልቃጡን በወፍራም ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። አንድ ቀን ሰው ለስላሳ ሲያወጣ ብልቃጡን ገፋው ብላ ስትቆጣ ሰማት። የቁጣዋ ቃል የራሷ ልጅ ለተነካባት እናት የሚሆን ነበር።

በጥር ጥምቀት ካለፈ በኋላ መንገድ ተዘጋ። መኪና ቆመ፤ ስልክ ጠፋ፤ በበላይ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር። ሰው ከአጥቢያው አልወጣም። ኮሶዋ በዚህ መሐል አበበች። አለበል ጧት ወጥቶ ሲያያት ቀዩ አበባ ከቅጠሉ መሐል ተዘርግቶ ነበር። መምህርቷ አበባው ከተከፈተ ብዙ እንደማይጠብቅ ነግራዋለች። በየቀኑ ከሥሯ ቆሞ ወደ ላይ እያየ፣ ወደ ቡሬ የሚወስደውን ቁልቁለትም እያየ ሰነበተ። አንዴ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ ሄዶ ነበር። ከዚያ ማዶ የመጡ ሴቶች ተመለስ አሉት፤ ተመለሰ።

ነገሩ ሲረግብ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ። ያምሮት ሱቋን ገና መክፈቷ ነበር። ሲያያት ከስታለች። እሷ ግን ሲገባ ፊቷ በራ።

«አያ አለበል፣ ደኅና ነዎት? በስልክ ብል በስልክ ብል።»

«አበበች» አላት።

«እልል በል አንጀቴ። ይቆዩ።» ከፍሪጁ ሳይሆን ከመደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለውን ብልቃጥ በሁለት እጇ አውርዳ ሰጠችው። «ምንም አልሆነም። በደንብ ነው የያዝኩት።»

ጨርቁን ፈታው። ፕላስተሩ የለም። ዱቄቱም ዱቄት አልነበረም። ከብልቃጡ ግርጌ ተጣብቆ እንደ ደረቀ ሊጥ ሆኗል፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ከረጢቶቹ አብጠው ከላይ ተኝተዋል።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኛ። መብራት ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። ፍሪጁ ሞቀ። እርስዎ አይመጡ፣ ስልክ አይሠራ። ተበላሸ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አስተርእዮ ማርያም ጠበል ስወርድ ይዤው ሄድኩ። ካህኑ ጸለዩበት። እኔም ጠብ አደረግሁበት። ብዙ አይደለም።»

«ውስጡ?»

«ውስጡ ነዋ። ውጭውማ ጠርሙስ ነው።»

አለበል ብልቃጡን አዘነበለው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ውሃ...» ብሎ ጀመረ።

«ውሃ አይደለም፤ ጠበል ነው» አለችው።

ያን ጠበል ያውቀዋል። ንግሥቴ በታመመች ጊዜ አዝሎ ያወረዳት ወደዚያው ነው። አንድ ሱባዔ ሙሉ ጠበሉ ከሚወርድበት ዋሻ ጥግ ተኝተው ነበር። እሷ በሞተች ጊዜ «ጠበሉ አላዳናትም» ብሎ አልተናገረም፤ በልቡም አላለም። አሁን በዚች ሴት ፊት ጠበሉ ዱቄቴን ገደለው ይበል? ያምሮት ፊቱን ታጠና ነበር። «ምነው? አጠፋሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ብልቃጡን ይዞ ወጣ። ለስላሳ አልጠጣም።

ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ነገር አሰበ። አንደኛው አልቋል የሚል ነው። ሁለተኛው ማን ያውቃል የሚል ነው። ሁለቱም እስከ ቤቱ ድረስ አብረውት ሄዱ።

በማግሥቱ መሰላሉን አቆመ። የተጣበቀውን በጭራሮ ፍቆ አወጣ፤ በጣቱ አሸው፤ የተፈረፈረውን በዶሮ ላባ እያነሣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ቀባ። ዱቄቱ ሕያው ቢሆን ኖሮ ከሚያደርገው አንዲት ነገር አላጎደለም። ነፋስ ሲመጣ ላባውን በመዳፉ ከለለ። ያልደረሰበትን ቅርንጫፍ በገመድ ጎትቶ አወረደ። ከመሰላሉ ሲወርድ ቀኑ መሽቶ ነበር። ለማን ይንገር? በሬውን ከበረት አስገብቶ ተኛ።

አበባው ጠወለገ፤ ቡናማ ሆነ። ዘሩን ለቀመ። በሚያዝያ የቀድሞውን ዳስ አድሶ፣ አፈሩን በወንፊት ነፍቶ ዘራ፤ ከፊሉን በጨርቅ ቋጥሮ አስቀረ። ጧትና ማታ በእጁ እየረጨ አጠጣ። ኮሶ በስንት ጊዜ እንደሚበቅል ከመምህርቷ ሰምቷል፤ ያ ጊዜ አለፈ። የጨመረለት ጊዜም አለፈ። አንዴ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየና በርከክ ብሎ ተጠጋው። አረም ነበር። ነቀለው።

ወደ ቡሬ መውረድ ትቷል። ጨውና ሳሙና በጎረቤት ያስመጣል። ስልኩ ሲሠራ የያምሮት ቁጥር ጠርቶ ነበር፤ እስኪያቆም አየው እንጂ አላነሣም። ቂም አልነበረም። ትጠይቀዋለች፤ ሲጠየቅ መዋሸት አይችልም፤ እውነቱንም መናገር አይፈልግም። መቅረት ቀለለው። ነገሩን ብቻውን መሸከም ግን አልቀለለውም። ያየውን ነገር ሁሉ፣ የአፈሩን ዝምታ ሳይቀር፣ ለያምሮት እንደሚነግራት አድርጎ በልቡ ሲያወራ ይውላል።

የሰኔ ሚካኤል ታቦት በገባ ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን፣ ያምሮት በአጥሩ በር ቆመች። ነጭ ለብሳለች፤ ጫማዋ ጭቃ ነው።

«አያ አለበል፣ ሞቱ እንዴ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ግቢ።»

«አልገባም፤ መጀመሪያ እሷን አሳዩኝ።»

ወደ ጓሮ ወሰዳት። በወሬ የምታውቃት ዛፍ እንዲህ ትልቅ አልመሰለቻትም ነበር። ግንዱን ሳመችው፤ ሽቦው ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞረች።

«ችግኙስ?»

«ይኸው።»

«ይሄማ አፈር ነው።»

«አፈር ነው» አለ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አለበል ጨርቁን ፈትቶ የተረፈውን ዘር አመጣላት። ዘር ከያዘ በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ነገር ይወጣል፤ ካልያዘ ገለባ ነው፤ ደርቆ ይሰበራል፤ ይህን አሳያት። አንዱን ተጫነች፤ ገለባ ነው። ሌላውን ተጫነች። ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፍታ ቀጠለች።

«ጠበሉን ባልነካው ኖሮ ይበቅል ነበር?» አለች፣ ቀና ሳትል።

አለበል ይህን ጥያቄ ከጥር ጀምሮ ሲሸሸው ነበር። «ሳይበቅል አይቀርም ነበር» አለ።

ጣቷ ቆመ። ካፍታ በኋላ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠበል ነው አልሽኝ።»

«ጠበልማ ነው።» ሌላ ዘር አነሣች። «እኔ ለራሴም ስንት ዓመት ነው የተጠመቅሁ። ልጅ እንዲሰጠኝ። አልሰጠኝም። አኩርፌ ግን አላውቅም። እርስዎ አኮረፉኝ።»

«አላኮረፍኩሽም።»

«ታዲያ ምን ይባላል ይሄ? ስደውል አያነሡ። ሰው ቢገድል እንኳ ይጠየቃል።»

ስለማድረቁ፣ ስለ ውሃው ሊነግራት የሚገባው እሱ እንደነበረ ሊላት ፈለገ። «የተነገረኝን ሁሉ አልነገርኩሽም» አለ። «ቅዝቃዜ ብቻ ነው ያልኩሽ። ጥፋቱ ከኔም ነው።»

ከኔም ማለቱን ሰማች። ሙሉውን ጥፋት አልወሰደላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ዘሩን እስከ መጨረሻው ፈተሸችው። ሙሉ የሆነ አላገኘችም። ገለባውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች።

«ከሚካኤሉ ድግስ ቅመሺ» አላት።

«የቡሬ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። በጊዜ ካልወረድን መንገዱ አይታመንም።»

እስከ በሩ ሸኛት። እስከ ወንዙ መሸኘት ይገባው ነበር፤ ይህን ያሰበው እሷ ከዓይኑ ከራቀች በኋላ ነው።

በነሐሴ ዝናብ ሽቦው ተበጠሰ። የኮሶዋ ግማሽ ተገንጥሎ በአጥሩ ላይ ወደቀ። ጣውላ ነጋዴዎች ሰምተው መጡ፤ የወደቀውን ወሰዱ፤ የቆመውንም ጠየቁት። እንቢ አለ። «ይሄም ለከርሞ ይወድቃል፣ አባት» አሉት። «ይወድቃል» አላቸው። የቆመው ግማሽ በመስከረም ቅጠል አወጣ፤ በጥቅምት አበባ ሊይዝ ጫፉ አበጠ።

ኅዳር ሲገባ የፈረስ ቤት መንገድ ተዘግቶ ነበር። መሪጌታ ዘንድ ደወለ፤ አልተያዘለትም። ያምሮት ዘንድ ደወለ፤ እሱም አልተያዘም። በሬውን ለጎረቤት አደራ ሰጠ። «ወዴት ነው?» አለው ጎረቤቱ። «ዘመድ ጥየቃ» አለ። ዳቦ ቋጠረ፤ ዱላውን ያዘ፤ በቡሬ አድርጎ ወደ ፈረስ ቤት በእግሩ ወጣ።